ጨዋማ የጉድጓድ ውሃን በፀሐይ ማንጠር

ጥያቄ፦ «የጉድጓዳችን ውሃ ጨዋማ ነው። ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን አልሆነንም። ቤተሰባችን አምስት ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ በላስቲክ በመሸፈን በፀሐይ ኃይል ንጹሕ ውሃ ማግኘት እንደሚቻል አንብቤያለሁ። ሌሎች ደግሞ በመስታወት የተሸፈነ ሳጥን ይሻላል ይላሉ። የትኛውን ልሥራ? በቀን ስንት ሊትር ይሰጣል? ውሃውስ ያለ ስጋት ይጠጣል? ማዕድን የሌለው ውሃ ሰውነትን ይጎዳል የሚሉም አሉ።»

ምላሽ፦ ሳጥኑን ይሥሩ፤ በላስቲክ የሚሸፈነውን ጉድጓድ ይተዉት። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። «ስንት ሊትር» የሚለውን ጥያቄዎን ግን ላስቀድም። ብዙ ሰው ማንጠሪያ ሠርቶ ተስፋ የሚቆርጠው ሥራው ስለከበደው አይደለም። አንድ ጠረጴዛ ከሚያህል ሳጥን በቀን አንድ ባልዲ ውሃ ስለጠበቀ ነው።

የመሣሪያው ሥራ ቀላል ነው። ፀሐይ ውሃውን ታሞቃለች፤ ውሃው ይተናል፤ ጨው ስለማይተን ከሥር ይቀራል። እንፋሎቱ ቀዝቀዝ ያለውን መስታወት ሲነካ፣ የድስት ክዳን ከውስጥ እንደሚያላበው ሁሉ፣ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ወደ ታች ይወርዳል። ችግሩ ውሃ ለመትነን የሚጠይቀው ሙቀት እጅግ ብዙ መሆኑ ነው። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 60 ለማሞቅ 170 ሺህ ጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ አንድ ሊትር በ60 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሳለ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ወደ 2.4 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። ከማሞቂያው 14 እጥፍ መሆኑ ነው።

ሰማዩ ጠርቶ በዋለበት ጥሩ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር አግድም ወለል ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በጁል ሲቆጠር 20 ሚሊዮን ገደማ። ይህን ለ2.4 ሚሊዮን ሲያካፍሉት ስምንት ሊትር ይሆናል። ቅንጣት ሙቀት ሳይባክን ማለት ነው። ሙቀት ግን ይባክናል፤ በመስታወቱ ይወጣል፣ በወለሉ ይሰርጋል፣ ባልታሸገ ቀዳዳ ከእንፋሎቱ ጋር ያመልጣል። በቤት ውስጥ በጥንቃቄ የተሠራ ማንጠሪያ ከሚደርሰው ኃይል ሲሶውን ወይም ትንሽ በለጥ ያለውን ይጠቀምበታል። ስለዚህ ከአንድ ካሬ ሜትር በጥሩ ቀን ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ይጠብቁ። በደመናማ ቀን ደግሞ ከዚህ በጣም ያንሳል።

ከዚህ እጅግ የላቀ ውጤት እንደማይገኝ ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1872 ቻርልስ ዊልሰን የተባለ መሐንዲስ በሰሜናዊ ቺሊ ላስ ሳሊናስ በተባለ ቦታ፣ ለናይትሬት ማዕድን ሥራው የሚያስፈልገውን ውሃ ከጨዋማ ውሃ የሚያነጥር ትልቅ ተቋም ሠርቶ ነበር። የመስታወቱ ስፋት 4,700 ካሬ ሜትር ያህል ነበር፤ በቀን ይሰጥ የነበረው ውሃ ከ22 ሺህ ሊትር በላይ። በካሬ ሜትር ሲታሰብ አምስት ሊትር ቢጠጋ ነው፤ ያውም በምድር ላይ ሰማዩ እጅግ ከሚጠራባቸው በረሃዎች በአንዱ። ዛሬም ከአንድ ተራ ሳጥን በካሬ ሜትር አሥርና አሥራ አምስት ሊትር አገኛለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት። ፀሐይዋ ራሷ ያንን ያህል ኃይል አታመጣም።

ወደ ቤተሰብዎ እንምጣ። ለአምስት ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 12 ሊትር ብንይዝ፣ በ2.5 ሊትር ሒሳብ ወደ አምስት ካሬ ሜትር የመስታወት ሳጥን ያስፈልግዎታል። ይህ ትንሽ አይደለም። ለገላና ለልብስ ማሰብ የለብዎትም፤ ለእነሱ የጉድጓዱ ውሃ ይቀጥል። ለምግብ ማብሰያም እንዲሁ፤ ከታች የምጠቅሰው የላቦራቶሪ ምርመራ ደህና ካለው ብቻ።

እዚህ ላይ ስፋቱን ሊቀንስልዎ የሚችል ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የተነጠረው ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ እኛ ደግሞ ፈጽሞ ጨው አልባ ውሃ አያስፈልገንም። የጉድጓድዎ ውሃ በሊትር 3,000 ሚሊ ግራም የሟሟ ጨው አለው እንበል። አራት እጅ የተነጠረ ውሃ ላይ አንድ እጅ የጉድጓዱን ቢቀላቅሉ በሊትር 600 ሚሊ ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ600 በታች ያለውን ውሃ ጣዕሙ ጥሩ ነው ይለዋል፤ ለመጠጥ እየከበደ የሚሄደው ከ1,000 ሲያልፍ ነው። በዚህ ስሌት 12 ሊትር ለማግኘት የሚያነጥሩት 9.6 ሊትር ብቻ ይሆናል፤ አምስት ካሬ ሜትር የነበረው ወደ አራት ዝቅ ይላል። የአንድ ካሬ ሜትር ሳጥን ሥራ ተረፈልዎ። ማዕድን የሌለው ውሃ ይጎዳል ለሚለው ስጋትዎም ግማሽ መልሱ ይኸው ነው።

ይህን ማድረግ የሚችሉት ግን የጉድጓዱ ችግር ጨው ብቻ መሆኑን ካረጋገጡ ነው፤ ይህን ደግሞ ምላስ አይለየውም። ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ አንዳንድ ጊዜ ፍሎራይድ ወይም አርሴኒክ ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱም ጣዕም የላቸውም። ሽንት ቤትና የከብት በረት ቅርብ ከሆኑ ናይትሬትም ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ ለአርሴኒክ 0.01፣ ለናይትሬት 50 ነው። ለእነዚህ ሦስቱ ውሃውን አንድ ጊዜ በላቦራቶሪ ያስመርምሩ። ማንጠሪያው ሦስቱንም ከጨው ጋር ያስቀራቸዋል፤ የሚያስፈራው ሳያውቁ በቅልቅሉ መልሰው ማስገባትዎ ነው። ማፍላት እነዚህን እንደማያጠፋም ይወቁ። ውሃው እየተነነ ሲሄድ በተረፈው ውስጥ ይባስ ይበዛሉ።

ማንጠሪያው የማይረዳበትም ጊዜ አለ። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የቀለም ማቅጠኛና አንዳንድ የተባይ መድኃኒቶች ከውሃው ጋር አብረው ይተናሉ፤ መስታወቱ ላይም አብረው ይጤዛሉ። ጉድጓዱ የነዳጅ ሽታ ካለው ወይም ነዳጅና ኬሚካል ከሚከማችበት ቦታ አጠገብ ከሆነ፣ ይህን መሣሪያ አይሥሩበት፤ ሌላ የውሃ ምንጭ ይፈልጉ። በሌላ በኩል የውሃው ችግር ድፍርስነትና ጀርም ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንጠሪያ እንዲሠሩ አልመክርም ነበር። ማጥለል፣ ማፍላት ወይም ክሎሪን ከዚህ እጅግ በቀለለ ድካም ብዙ ውሃ ይሰጣል።

አሁን በላስቲክ የሚሸፈነውን ጉድጓድ ለምን እንዳልወደድሁት። ጉድጓድ ቆፍሮ ላስቲክ የማልበስ ዘዴ በሰፊው የታወቀው፣ ሬይ ጃክሰንና ኮርኔሊየስ ቫን ባቨል የተባሉ በአሪዞና ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ካሳተሙት ጽሑፍ ወዲህ ነው። ሐሳቡ በረሃ ላይ ውሃ ያጣ ሰው ከአፈርና ከተቆረጠ ተክል እርጥበት እንዲያወጣ ነበር። የታሰበው ውሃ ለሌለው ሰው ነው፤ እርስዎ ግን ውሃ አለዎት። ጨዋማውን ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ቢያፈሱት አፈሩ ይጠጣዋል፤ የፀሐይዋን ሙቀትም መሬቱ ይወስደዋል። ላስቲኩን ገልጠው ውሃው የሚጠራቀምበትን ዕቃ ባወጡ ቁጥር በውስጡ የተጠራቀመው ትኩስ እርጥብ አየር ይበተናል፤ ሥራውም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የሚሰጠው ውሃ በቁፋሮው ላብ የወጣውን ላይተካም ይችላል።

ላስቲክ ራሱ ለቋሚ ሥራ ደካማ ነው። ማሪያ ቴልክስ የተባለች ሳይንቲስት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሕይወት አድን ጀልባዎች በአየር የሚነፋ የፕላስቲክ ማንጠሪያ ነድፋ ነበር፤ እዚያ የተፈለገው ተጣጥፎ መያዙና ቅለቱ ነው። ለዓመታት ደጅ ለሚቀመጥ ሳጥን ግን መስታወት ይበልጣል። ተራ ላስቲክ በፀሐይ ይሰባበራል። ሙቅ ውሃ የሚረጨውን የማይታይ የሙቀት ጨረር መስታወት ያግደዋል፤ ላስቲክ አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የጠብታው ነገር ነው። በንጹሕ መስታወት ላይ ውሃው እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ይወርዳል። በላስቲክ ላይ ግን ነጠላ ጠብታ እየሆነ ይቆማል፤ ብርሃኑን ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ሲከብድም ወደ ጨዋማው ውሃ ተመልሶ ይወድቃል።

ሳጥኑን ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር እንዲሆን አድርገው በየአንዱ ይሥሩት፤ ከአንድ ትልቅ ይልቅ አራት ትናንሾች ይሻላሉ። አንዱ ቢሰበር ሦስቱ ይሠራሉ። አንድ ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት በ80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ምቹ ልክ ነው። መስታወቱ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚሆን ሁለት ሰው ያለ ችግር ያነሣዋል። ከውስጥ ሲለካ የፊት ግድግዳው 8፣ የኋላው 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ መስታወቱን 12 ዲግሪ ያህል ያዘነብለዋል። ከ10 ዲግሪ በታች ካዘነበለ ጠብታው መንገድ ላይ ይወድቃል። በጣም ካቀኑት ደግሞ በውሃውና በመስታወቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይሰፋል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ከምድር ወገብ ራቅ ያለ አገር ላይ ከሆኑ ዝቅተኛውን ጎን ወደ ምድር ወገብ ያዙሩት።

ለወለሉ አጥብቄ የምመክረው መስታወት ነው። ጥቁሩን ቀለም ከሥሩ፣ ውሃ በማይነካው በኩል ይቀቡት። ጥቁር ቀለም ለምን አስፈለገ ቢሉ ብርሃኑን እንዲውጥ ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ውሃውን መንካት የለበትም። በየቀኑ 60 እና 70 ዲግሪ በሚደርስ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተራ ቀለም ይላጣል፤ ሽታውም ወደ መጠጥዎ ይገባል። ከወለሉ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙቀት ከልካይ ያስገቡ፤ ስታይሮፎም ከተገኘ መልካም ነው፣ ከሌለ እርጥበት እንዳይነካው ተደርጎ የታሸገ ደረቅ ሰጋቱራ ይሆናል። ጎኖቹም እንዲሁ። ጣውላውን ከውስጥ በመስታወት ወይም በአይዝጌ ብረት ይሸፍኑት፤ እርቃኑን ከተተወ እርጥበቱ ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ሳጥን ደግሞ እንፋሎት ያፈስሳል።

አሁን ሥራው የሚሰምርበት ወይም የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ አሸንዳው። በዝቅተኛው የፊት ግድግዳ በኩል፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር፣ የተነጠረውን ውሃ የሚቀበል ጠባብ አሸንዳ ይኖራል። ከአይዝጌ ብረት ወይም ከመስታወት ይሁን። የተነጠረ ውሃ ማዕድን ስለሌለው የነካውን ብረት ያሟሟል፤ ስለዚህ በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ፣ መዳብ፣ በተለይም እርሳስ ያለበት ብየዳ በውሃው መንገድ ላይ ፈጽሞ አይኑር። አሸንዳው ወደ መውጫው በኩል በአንድ ሜትር አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። ካልዘቀዘቀ ውሃው እዚያው ተኝቶ እንደገና ይተናል። ከመስታወቱ ሥር፣ ልክ ከአሸንዳው በላይ፣ ቀጭን የሲሊኮን (የማሸጊያ ሙጫ) መስመር ከዳር እስከ ዳር ይለጥፉ። ወደ ታች የሚንሸራተተው ውሃ እዚያ ሲደርስ ይቆምና ወደ አሸንዳው ይንጠባጠባል። ይህ መስመር ከሌለ ውሃው መስታወቱን ተከትሎ በጠርዙ ወደ ውጭ ያመልጣል፤ እርስዎም ለምን ጥቂት እንደሚወጣ ሳይገባዎት ይቀራል።

መውጫው ላይ የሚያያዙት ቱቦ ወደ ታች ቆልመም ብሎ ወደ ላይ ይመለስ፤ በቆልማማው ቦታ የሚቀረው ውሃ እንፋሎቱ በቱቦው እንዳያመልጥ ይዘጋዋል። መቀበያውን ዕቃ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ፤ አፉን ነፍሳት በማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይሸፍኑት። ሌላው መገጣጠሚያ ሁሉ በሲሊኮን ይታሸግ፤ በመታጠቢያ ቤት ሻጋታን እንዲከላከል መድኃኒት የተጨመረበትን ሳይሆን ለምግብ ዕቃ ወይም ለዓሣ ገንዳ የሚሆነውን ይምረጡ። ሲሊኮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጊዜ ይስጡት። መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ፣ ሽታውና ጣዕሙ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ፣ አይጠጡት።

ሳጥኑን ሲያስቀምጡ በውሃ ልክ ይለኩት። የውሃው ጥልቀት ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ሊትር ይሆናል። ወለሉ ትንሽ ካዘነበለ አንዱ ጫፍ ይደርቃል፤ በደረቀው ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ይሠራል፤ ነጭ ደግሞ ብርሃንን ይመልሳል። ጥልቀቱን መጨመር ምርቱን አያበዛውም። ብዙ ውሃ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳልና ጠዋቱን ያባክናል።

የየዕለቱ ሥራ አጭር ነው፤ ግን የሚዘለል አይደለም። ማለዳ፣ መስታወቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ትናንት ካገኙት ውሃ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ጨዋማ ውሃ ይጨምሩ። ሦስት ሊትር አግኝተው ከሆነ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሊትር ያፍስሱ። ትርፉ በሳጥኑ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ለዚሁ በሚያበጁት ሌላ መውጫ ይፈስሳል፤ ሲፈስስም የተከማቸውን ጨው ይዞ ይወጣል። የሚተነውን ብቻ የሚተኩ ከሆነ ጨው በየቀኑ እየጨመረ ይሄድና ወለሉ ይነጣል። ያን የሚወጣ ጨው የበዛበት ውሃ ከጉድጓዱ አጠገብም፣ ተክል ባለበትም አይድፉ። እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር መስታወት ሊሰነጥቅ ይችላልና ይጠንቀቁ። ከውጭ አቧራውን ቶሎ ቶሎ ይጥረጉ። ከውስጥ የኖራ ቅርፊት ሲይዘው ኮምጣጤ ያስለቅቀዋል።

ውሃው ያለ ስጋት ይጠጣል ወይ ላሉት፦ ጀርም እንደ ጨው ሁሉ አይተንም፤ ስለዚህ ከመስታወቱ ላይ የሚወርደው ውሃ ንጹሕ ነው። ስጋቱ ከዚያ በኋላ ነው። አሸንዳው ውስጥ ነፍሳት ይገባል፤ ቱቦው ውስጥ አረንጓዴ ዝቃጭ ያድጋል፤ ዕቃው በእጅ ይነካል። የተነጠረ ውሃ ራሱን የሚጠብቅበት ክሎሪን የለውም። እኔ የምመክረው የመጨረሻውን ውሃ፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከቀላቀሉበት፣ አፍልቶ መጠጣት ወይም ክሎሪን በመመሪያው ልክ መጨመር ነው። ሌላ ነዳጅ የማይፈልግ መንገድም አለ፤ ውሃውን ከሁለት ሊትር በማይበልጥ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማጋደም። ሰማዩ በአብዛኛው ከደመነ ሁለት ተከታታይ ቀን ያስፈልጋል።

ስለ ማዕድኑ አጭር ልበል። ሰውነታችን የሚያስፈልገውን ማዕድን በዋናነት የሚያገኘው ከምግብ ነው፤ በደንብ ለሚመገብ ጤነኛ ሰው የተነጠረ ውሃ አይጎዳም። ሕፃን ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ካለ ግን ሐኪም ይጠይቁ፤ ቅልቅሉንም ለእነሱ አይስጡ።

አንዲት ትንሽ የሟሟ ጨው መለኪያ ይግዙ፤ ከሁሉ የሚጠቅምዎ መሣሪያ እሷ ናት። ከደህና ማንጠሪያ የሚወጣ ውሃ በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ያሳያል። አንድ ቀን ቁጥሩ ወደ መቶዎች ከዘለለ፣ ጨዋማው ውሃ የሆነ ቦታ አሸንዳውን እየነካ ነው፤ ሲጨምሩ ተረጭቶ ወይም ሳጥኑ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። መለኪያዋ ጀርምና ነዳጅ እንደማታሳይ ግን አይርሱ።

አራቱንም በአንድ ጊዜ አይሥሩ። በአንዱ ይጀምሩና ለጥቂት ሳምንታት፣ ደመናማውንም ቀን ጨምረው፣ የሚሰጠውን በየቀኑ ይለኩ። በጠራ ቀን ከ1.5 ሊትር በታች ከሆነ ሁለተኛውን ከመጀመርዎ በፊት ቀዳዳውን ይፈልጉ። በማለዳ በሳጥኑ ውጫዊ ጠርዝ ላይ እርጥበት ካዩ እንፋሎቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። መስታወቱ ከውስጥ በነጠላ ጠብታዎች ከተሸፈነ ቅባት ነክቶታል፤ በሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁት። ከሥሩ ወለሉን በእጅዎ ሲነኩት ትኩስ ከሆነ ሙቀት ከልካዩ አንሷል ወይም ረጥቧል። ሦስቱም ደህና ሆነው ምርቱ አሁንም ካነሰ፣ የአሸንዳውን ዝቅዝቀትና የሲሊኮኑን መስመር ደግመው ይመልከቱ።